«ስለት» ስለሚለው ቃልና ስለ በዛብህ

ታኅሣሥ 19 ቀን በጎፋ ገብርኤል ቅጥር ግቢ የቆመ ሰው ጃንጥላና ጧፍ ይዞ የሚመጣውን ሕዝብ ያያል። ስለቱ የሰመረለት እልል ይላል፤ ያልሰመረለትም ዳግመኛ ይሳላል። እኛ የነፋስ ስልክ ልጆች ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ ከሚነጋገረው ሬድዮ መሆኑን ሳናስብ ስሙን እንጠራዋለን፤ «ስለት» የሚለውንም እንደዚሁ ሳንመረምር እንናገረዋለን።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ባማርኛችን ሰው ለታቦት ይሳላል፤ ቢላዋ በሞረድ ይሳላል፤ መልክም በቀለም ይሳላል። ጆሮ ሦስቱን አይለያቸውም። ግዕዝ ግን ይለያል፤ ለመነ ለማለት ሰአለ፥ ስለት አወጣ ለማለት ሰሐለ፥ ሥዕል ሠራ ለማለት ሠዐለ ይላል። አማርኛ የጕሮሮውን ድምፅ ስለ ጣለ ሦስቱ ባንድ ቃል ላይ ተገናኙ። እንግዲህ የታቦቱ ስለት ከሥሩ ልመና ነው ማለት ነው። ብፅዐት የሚባለው ደግሞ ለይቶ መስጠት ነው። ለማኝ የሌላውን እጅ ያያል፤ ሰጪ ግን የራሱን ገንዘብ ያነሣል። ዛሬ ሁለቱን ቀላቅለን «ይህን ብታደርግልኝ ያንን እሰጥሃለሁ» በሚል ውል አድርገናቸዋል፤ ይህም ክፉ አይደለም፤ የሚሰጠው ጃንጥላ እስከ ሆነ ድረስ።

የሚሰጠው ሰው ሲሆንሳ?

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ. ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያነሡት ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በዛብህ እንዲኖርላቸው ብለው ለእግዚአብሔር ተሳሉት፤ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ነው። ልጁ አልተጠየቀም። አድጎ ሰብለ ወንጌልን በወደደ ጊዜ ግን ዕዳው ከእርሱ ተፈለገ። ብዙ አንባቢ የፍቅራቸውን መጥፋት በፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ያሳብባል። ለዚህ ደራሲውም ጥቂት ጥፋት አለባቸው፤ ፊታውራሪውን እጅግ አድርገው ስለ ሣሏቸው (የቀለሙን ማለቴ ነው) ዓይናችን ከእርሳቸው ላይ አይነሣም። የመጀመሪያውን ግንብ የሠሩት ግን የሚወዱት ወላጆቹ ናቸው። ፊታውራሪውን መጥላት ቀላል ነው፤ ውድነሽን ለመጥላት ግን ማን ይደፍራል? መጽሐፉን ከተራ የባላባትና የድኻ ታሪክ ከፍ ያደረገው፥ ክፋት ከሌለበት ልብ ጕዳት ሊወጣ እንደሚችል ማሳየቱ ነው። በመጨረሻ በዛብህ፥ ሰብለና ጕዱ ካሣ ባንድ መቃብር ሲያርፉ፥ ስለቱን የፈታም የፈጸመም ሰው የለም።

የሳሙኤል እናት ሐናም ልጇን ገና ሳይወለድ ተስላለች የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ሳሙኤል ግን ሲጠራ ራሱ «አቤት» አለ። የዮፍታሔ ልጅ በአባቷ ስለት ምን እንዳገኛት ደግሞ የመሳፍንትን መጽሐፍ ያነበበ ያውቃል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አግኝቼ አይደለም። በሕፃንነቴ ክፉኛ ታምሜ ሳለሁ እናቴ፥ «ይህን ልጅ ብታተርፍልኝ ዲያቆን ሆኖ ያገለግልሃል» ብላ ተሳለች። እኔ ዳንሁ፤ ዲያቆን ግን አልሆንሁም። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነገሩን ስትነግረኝ «ማን ጠየቀኝ?» ብዬ ጮኽሁባት፤ እርሷም አልመለሰችልኝም። በዛብህን ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ባነበብሁም ጊዜ የተናገርሁት ቃል እውነት ሆኖ ሳለ የተናገርሁበት ድምፅ አሳፈረኝ። እርሷ ከዚያ ዓመት ጀምራ በየታኅሣሡ አንዳንድ ጃንጥላ ታስገባለች፤ ስለ ምን እንደሆነ አትናገርም። ዘንድሮ ጉልበቷ ስለ ደከመ ከቤታችን እስከ ጎፋ ድረስ የተሸከምሁላት እኔ ነኝ። ስንት ጃንጥላ እንደቀራት ግን አልጠየቅኋትም።