ዮጋና የስኳር በሽታ፦ በማገዝና በመፈወስ መካከል

ዮጋ የስኳር ሕሙማንን ይጠቅማል የሚሉ ጽሑፎች በሕክምና መጽሔቶችም ሆነ በጋዜጦች በየጊዜው ይወጣሉ። አብዛኞቹ የሚያቀርቡት ውጤት መልካም ነው፤ በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ቀነሰ፣ የደም ግፊት ረገበ፣ ክብደት ጎደለ ይላሉ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብ ሐኪም ግን ከሁሉ አስቀድሞ «ቀነሰ የተባለው ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ኢነስና ቪንሰንት የተባሉ ተመራማሪዎች በ2007 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባወጡት ግምገማ 25 ጥናቶችን መርምረዋል። ከእነዚህ 15ቱ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበራቸውም፤ ተሳታፊዎቻቸውን በዕጣ የመደቡት አራት ብቻ ነበሩ። ማነጻጸሪያ በሌለው ጥናት የታየ መሻሻል ከዮጋው ይሁን፣ ከአመጋገብ ለውጥ ይሁን፣ ወይም ሕሙማኑ ክትትል ስለበዛላቸው መድኃኒታቸውን በአግባቡ ከመውሰዳቸው የመጣ ይሁን ለይቶ መናገር አይቻልም። በ2016 በወጣው ተከታይ ግምገማ ማነጻጸሪያ ያላቸው ጥናቶች ቁጥር 25 ደርሷል። ይህ እድገት ሊመሰገን ይገባል። ገምጋሚዎቹም ውጤቱን ተስፋ ሰጪ ሲሉ የጥናቶቹን የአሠራር ድክመት አልሸሸጉም፤ ጥቅሱን የሚያራቡት ጽሑፎች ግን የመጀመሪያውን ቃል ይዘው ሁለተኛውን ይተዉታል።

ዮጋ ሊረዳ የሚችልበት መንገድ ረቂቅ ምሥጢር አይደለም። የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን እርዳታም ስኳርን ከደም ይወስዳል። ጭንቀት ሲቀንስም ስኳርን ከፍ የሚያደርጉት ኮርቲሶልና አድሬናሊን ይረግባሉ ተብሎ ይታሰባል። ይሁን እንጂ የጡንቻውን ሥራ ፈጣን የእግር ጉዞም ያከናውነዋል። በአሜሪካ ከ3,000 በላይ ለበሽታው የተጋለጡ ሰዎችን አሳትፎ በ2002 የታተመው ታላቅ ጥናት፣ በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴንና 7 በመቶ የክብደት ቅነሳን ግብ ያደረገ የአኗኗር ለውጥ በዓይነት 2 የስኳር በሽታ የመያዝን ዕድል በ58 በመቶ፣ ሜትፎርሚን ደግሞ በ31 በመቶ እንደቀነሱ አሳይቷል። ዮጋ መመዘን ያለበት በዚህ ዓይነት ሚዛን ነው። ቁጭ ብሎ ከሚውል ሰው በልጦ መገኘት ብዙም አያስመካም።

የበለጠ የሚያሳስበው ግን «ይረዳል» የሚለው ቃል ሳይታሰብ «ይፈውሳል» ወደሚለው መሸጋገሩ ነው። በዮጋ መምህሩ በባባ ራምዴቭ የሚታወቀው የሕንዱ ፓታንጃሊ ድርጅት፣ ምርቶቹ የስኳር በሽታን የመሳሰሉ ሕመሞችን እንደሚያድኑ በማስታወቁ የሕንድ ሕክምና ማኅበር በ2022 ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት ብሏል። ፍርድ ቤቱ በ2023 አስጠነቀቀ፤ ማስታወቂያው ባለመቆሙም በ2024 ድርጅቱ በጋዜጦች ላይ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደደ። ለብዙ ሺህ ሰዎች እንቅስቃሴን ያስተማረ መልካም ስም ለሸቀጥ መሸጫ ሲውል ማየት ያሳዝናል። ቆሽቱ ኢንሱሊን የማያመነጭ የዓይነት 1 ሕመምተኛ እንዲህ ያለውን ቃል አምኖ መርፌውን ቢያቋርጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ በኬቶአሲዶሲስ ሊሞት ይችላል። በአገራችን ዮጋን የሚያዘወትሩት ገና ጥቂቶች ቢሆኑም፣ በጠበል ወይም በባህል መድኃኒት ተማምኖ ኢንሱሊኑን አቁሞ ራሱን ስቶ የመጣ ሕመምተኛ የተቀበለ ሐኪም ነገሩን ያውቀዋል። (በነገራችን ላይ፣ በዐቢይ ጾም የሚሰገደው ስግደት ቀላል የማይባል የአካል እንቅስቃሴ ነው፤ ማንም ሲቆጥረው ግን አላየሁም።)

ዮጋ ልጀምር ብሎ ለሚጠይቅ ሕመምተኛ «አይሆንም» ማለት ተገቢ አይመስለኝም፤ ጽሑፎቹ የሚዘሉትን ግን ሐኪሙ ሊነግረው ይገባል። ዮጋ በባዶ ሆድ፣ በማለዳ እንዲሠራ ይመከራል። ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ወይም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ይህን ቢያደርግ ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ ስለሚችል አስቀድሞ መለካትና ጣፋጭ ነገር አጠገቡ ማኖር አለበት። በዓይኑ ሬቲና ላይ ደካማ አዳዲስ የደም ሥሮች የበቀሉበት ሰው ከጭንቅላት በታች መቆምንና ትንፋሽ አፍኖ ማማጥን ይተው፤ የደም መፍሰስ ሊያስከትልበት ይችላል። ዮጋ በባዶ እግር የሚሠራ በመሆኑም እግሩ የደነዘዘ ሕመምተኛ ከመጀመሩ በፊት ወለሉን፣ ከጨረሰ በኋላም ውስጥ እግሩን መመልከት ይኖርበታል፤ ማየት ከተሳነው የቤተሰቡ አባል ይመልከትለት።