ጫካው ብርሌ ውስጥ ገብቷል

እስከ ዛሬ ጠጅ የጠጣሁ መስሎኝ ነበር! አዲስ አበባ ውስጥ ያላንኳኳሁት ጠጅ ቤት የለም፤ በሰርግ፣ በክርስትና፣ በፋሲካ ስንት ብርሌ ጨብጫለሁ። ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ ካፋ ውስጥ ቦንጋ ገባሁ፣ አንዲት እናት ከጓዳ ይዘው የወጡትን አንድ ጊዜ ጎንጨት አልኩ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬዬ ሁሉ ጠፋኝ።

ቀለሙ የለመድነው ደማቅ ቢጫ አይደለም። ብርሌውን ወደ መስኮቱ ከፍ ሳደርገው የስንዴ ገለባ ይመስላል፣ ፈዘዝ ያለ፣ ጥርት ያለ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ጋኑ የታጠነበት ወይራ ቀድሞ መጣ፤ ጭሱ ሲያልፍ ከኋላው አበባ! አፌ ውስጥ ሲገባ ጣፋጭ ነው ልል ስል፣ የለም፣ ደረቅ ነው፤ ጌሾው ከምላሴ ሥር ቀስ ብሎ ተነስቶ አፌን ጥርግ አድርጎ ሄደ። የቀረው የማር ሽታ ብቻ ነው፤ ስኳሩ ሄዶ ሽታው የቀረ ማር።

«ማሩ የምንድን ነው እማማ?»

«የገተም ነዋ ልጄ!»

ገተም! ይህን ስም ያዙልኝ። በካፋ ደን ውስጥ ብዙ ጊዜ በሌላ ትልቅ ዛፍ ላይ በቅሎ ሥሩን ወደ መሬት የሚሰድ ዛፍ ነው። ንቦቹ ከአበባው የሚሠሩት ማር ነጭ ነው፤ ሲረጋ ድቅቅ ብሎ ቅቤ ይመስላል። የሚቆረጠው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው። ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ ተራው የብሳና ይሆናል፤ የእሱ ማር ጠቆር ይላል፣ ጠጁም ይከብዳል። ደኑ ያው፣ ንቡ ያው፣ ቀፎውም እዚያው ዛፍ ጫፍ ላይ ተሰቅሎ፤ ወሩ ሲለወጥ ግን ማሩ ሌላ ነው። ቆራጩ በጨለማ በገመድ እየወጣ፣ በጭስ ንቡን እያባበለ ነው የሚያወርደው። ጣሊያኖች ኪያንቲ የተባለውን ወይን ጠጃቸውን ሲጠጡ የወይን ፍሬው ሳንጆቬዜ መሆኑን በስም ጠርተው ይኮሩበታል። እኛ ስንት ዓይነት ማር እያለን ከሁሉም የሚጣለውን «ጠጅ» ብቻ ብለን ማለፋችን ያስቆጨኛል፤ ከእንግዲህ «የገተም አለ?» ብዬ ነው የምጠይቀው።

ምግቡ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ሁሉ በራልኝ። ትኩስ፣ ስስ ቆጮ፤ ከጎኑ ለብለብ ያለ ክትፎ፤ ቅቤው በኮረሪማ የተነጠረ። አንድ ጉርሻ፣ አንድ ጉንጭ። ቅቤው አፍ ላይ ሊከብድ ሲል ጌሾው ደርሶ ያነሳዋል፤ የፍሎረንስ ሰዎች በፍም የተጠበሰ ወፍራም ስጋቸውን ከኪያንቲ ጋር የሚበሉት ለዚሁ ነው፣ የወይኑ ኮምጣጣነትና አፍ ማድረቁ ስቡን ስለሚቆርጠው። የቦንጋው ግን አንድ ነገር ይጨምራል። ኮረሪማው የበቀለው እዚያው ደን ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ ማሩ የመጣው ደግሞ ከዛፎቹ አናት። ጉርሻውና ብርሌው አፌ ውስጥ ሲገናኙ የቆዩ ዘመዳሞች እንደሆኑ ያስታውቃሉ! ዩኔስኮ ይህን ደን በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ክልልነት መዝግቦታል፤ እኔ ደግሞ በምላሴ መዘገብኩት።

ጎመን በአይብም ሞከርኩ፤ ግሩም ነው፣ አይቡ የአበባውን ሽታ ያወጣዋል። ዶሮ ወጥ ግን አይሆንም፤ በርበሬው ገተምን ዋጥ አድርጎ ነው የሚያስቀረው። ለዶሮ ወጥ የብሳናውን ጠብቁ።

ስሰናበት እማማ አንድ እቃ ነጭ ማር አስይዘውኝ እስከ በር ሸኙኝ። አጣጣሉንም ነገሩኝ፦ አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ፤ ጋኑን በወይራ እጠን፤ ብርዙ መፍላት ሲጀምር ጌሾውን ጨምር። ከበሩ ሳልርቅ ደግመው ጠሩኝና፣ «ጌሾውን እንዳታበዛው! ገተም ጉልበተኛ አይወድም» አሉኝ።

አላበዛሁትም። ይህን ስጽፍ ጋኑ ከጎኔ ነው፤ ዘጠነኛ ቀኑ። ጆሮዬን አስጠግቼ ሳዳምጥ ውስጡ ይንሾካሾካል። ቆጮውን አዝዣለሁ፣ ኮረሪማውን ከቦንጋ ይዤ መጥቻለሁ።