ዝናብ የመሰከረለት መንገድ

በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ከቫንኩቨር ከተማ በስተሰሜን፣ ከባሕር ወሽመጡ ማዶ፣ ሳይፕረስ፣ ፍሮምና ሲይሞር የሚባሉ ደን የለበሱ ተራሮች አሉ። አካባቢው ኖርዝ ሾር ይባላል። የተራራ ብስክሌት ወዳጆች ስሙን በደንብ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አካፋና መጋዝ ይዘው ወደ ጫካው የገቡ ሰዎች፣ በድንጋይ፣ በዛፍ ሥርና በጠባብ የእንጨት ድልድይ ላይ የሚነዳበትን አነዳድ ለዓለም ያስተዋወቁት እዚያ ነው።

ብዙ ጎብኚ እነዚህን መንገዶች የሚመዝነው በፍርሃቱ ልክ ነው። ልቡ በኃይል ከመታ “ግሩም መንገድ ነው” ብሎ ይመለሳል። በዚህ ሚዛን አልስማማም። ማስፈራት ቀላል ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ የተጋደመ ጠባብ ሳንቃ ማንንም ያስፈራል። የመንገድ ሠሪ ሙያ የሚለየው በሁለት ነገር ነው፦ ብስክሌተኛውን መንገዱ ላይ ያቆያል፣ ውሃውን ከመንገዱ ያስወጣል። ሌላው ውበት ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ይወለዳል።

ኖርዝ ሾር ይህን ለመማር የተመቸ ቦታ ነው። ተራሮቹ ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚመጣውን ደመና ስለሚገቱ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርድባቸዋል፤ አብዛኛው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት ወራት የሚወርድ ነው። ያለቦታው የተቆፈረ መንገድ በአንድ የዝናብ ወቅት ቦይ ሆኖ ይቀራል።

በእግር ይጀምሩ

መንገድን ለመመዘን መጀመሪያ ከብስክሌት መውረድ ያስፈልጋል። ሲነዱ ዓይን የሚያየው ቀጣዩን መታጠፊያና ቀጣዩን ድንጋይ ብቻ ነው። ከታች ወደ ላይ በእግር ሲወጡ ግን መሬቱ ወዴት እንዳዘነበለ፣ አፈሩ የት እንደቀረና የት እንደተወሰደ ይታያል። የሚመረጠው ጊዜ ዝናብ እየዘነበ ወይም ገና እንዳባራ ነው። ለመንዳት ግን ያ ሰዓት አይመከርም፤ የራሰ አፈር ላይ የሚያልፍ ጎማ የሚተወው ጭረት ለቀጣዩ ጎርፍ መንገድ ይከፍትለታል።

ውሃው ወዴት ይሄዳል?

ውሃ ቀጥተኛውን ቁልቁለት ይፈልጋል። መንገዱም ያንኑ ቀጥተኛ ቁልቁለት ከያዘ ውሃው ይወርሰዋል፤ አፈሩን ጠርጎ ሥርና ድንጋይ ብቻ ይተዋል። ስለዚህ ጥሩ መንገድ የተራራውን ጎን አግድም እየቆረጠ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የተራራ ብስክሌት ማኅበር ለመንገድ ሠሪዎች ያስተማረው ደንብ ለማስታወስ ቀላል ነው፦ የመንገዱ ቁልቁለት ከተራራው ጎን ቁልቁለት ግማሽ አይለፍ። ጎኑ 20 በመቶ ካዘነበለ መንገዱ ከ10 በመቶ አይብለጥ፤ ማለትም በ100 ሜትር ርቀት ከ10 ሜትር በላይ አይውረድ።

ከዚያ ሁለት ምልክቶችን ይፈልጉ። የመጀመሪያው የመንገዱ ወለል ወደ ታችኛው ጎን 5 በመቶ ያህል ማዘንበሉ ነው። ይህ ለዓይን አይጎላም፤ ከኮዳዎ ጥቂት ውሃ ቢያፈሱ ግን ይታወቃል። ውሃው ተሻግሮ ወደ ዳር ከወጣ መልካም ነው፤ መንገዱን ይዞ ቁልቁል ከሮጠ ሥራው ጎድሎታል። ሁለተኛው ምልክት እየወረደ ያለው መንገድ በየመሐሉ ለጥቂት እርምጃ ሽቅብ ማለቱ ነው። ገበሬ ከዘራ በኋላ በማሳው ላይ አግድም የሚያወጣው ፈሰስ ውሃው ጉልበት ሳያገኝ ተቀብሎ ወደ ዳር ያስወጣዋል፤ የዚህች አጭር ሽቅብታ ሥራም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ የሙያው ዋና ምሥጢር አለ። ያቺው ሽቅብታ ብስክሌተኛውንም ታገለግለዋለች። ፍሬን ሳይነካ ፍጥነቱን ትቀንስለታለች፤ ከጀርባዋ ሲወርድ ደግሞ ፔዳል ሳይመታ ፍጥነቱን ትመልስለታለች። ኖርዝ ሾር ላይ “ይህ መንገድ ምት አለው” ሲባል ቢሰሙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያ ምት የተገኘው ውሃን ለማስወጣት ከተሠራ ነገር ነው። ለውሃ ታስቦ ያልተሠራ መንገድ ለብስክሌተኛም እምብዛም አይጣፍጥም።

ቀጥ ያለ ቁልቁለት ሁሉ ጥፋት ነውን?

አይደለም። በእነዚህ ተራሮች ላይ ከ10 በመቶ እጅግ የሚበልጡ፣ ግን ለዓመታት የጸኑ መንገዶች አሉ። ጥያቄው ቁልቁለቱ በበረታበት ቦታ ከጎማው ሥር ያለው ምንድን ነው የሚለው ነው። ተፈጥሯዊ አለት ከሆነ ውሃ አይጎዳውም። አፈር ከሆነ ደግሞ ሠሪው ድንጋይ ሊቀብርበት ይገባል። ድንጋዩ ሲቀበር ሰፊ ገጹን ወደ ላይ አድርጎ እንደ ነገሩ መነጠፍ የለበትም፤ ረጅሙ ጎኑ ወደ መሬት ጠልቆ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቆ መቆም አለበት። ከሁሉ በታች ያለው ድንጋይ ትልቁና ጥልቁ መሆን ይገባዋል፤ የላይኞቹን የሚሸከመው እሱ ነውና። በእያንዳንዱ ላይ በእግርዎ ይቁሙ። አንዱ እንኳ ከተነቃነቀ ሌሎቹ ይከተሉታል።

ጥቁሩ አፈርና ወርቁ

የጫካው የላይኛው ሽፋን ከበሰበሰ ቅጠልና እንጨት የተሠራ ለስላሳ ጥቁር አፈር ነው። ሲነዱበት ደስ ይላል፤ አዲስ መንገድ ላይ ብዙዎችን የሚያታልለውም እሱ ነው። ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ግን ቶሎ ጭቃ ይሆናል። ጠንቃቃ ሠሪ ያን ሽፋን ገፎ ከሥሩ ያለውን፣ ከተፈጨ ድንጋይ የተገኘውን ቡናማ አፈር ያወጣል። የአካባቢው ሠሪዎች ይህን አፈር ወርቅ ይሉታል። በቅርብ ከሌለ ከጫካው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው በባልዲ ያመጡታል፤ አንድ መታጠፊያ ለመሙላት ብዙ ባልዲ ይፈጃል። የጉድጓዱም ነገር ይመዘናል። አፈር የወጣበት ጉድጓድ ተሞልቶ፣ ቅጠል ለብሶ ከዓይን ከተሰወረ ሠሪው ጫካውን አክብሯል። አፉን ከፍቶ ከመንገዱ ዳር ከቀረ ሥራው አላለቀም።

የመንገዱን ውጫዊ ጠርዝ ደግሞ በተረከዝዎ ይርገጡ። ወለሉ ሙሉ በሙሉ ከጠንካራው የተራራ ጎን ተቆርጦ ከወጣ ጠርዙ አይሰምጥም። ግማሹ በተደለደለ አፈር የተሠራ ከሆነ ይላላል፤ አንድ ቀንም ከነብስክሌተኛው ይናዳል።

ፍሬን የሚናገረው

ከመታጠፊያ በፊት ባሉት ጥቂት ሜትሮች ላይ መሬቱን በደንብ ይዩ። ተከታታይ ትናንሽ ጉብታዎች ካሉ ብስክሌተኞች ሁሉ እዚያ ቦታ ላይ ደንግጠው ፍሬን ይይዛሉ ማለት ነው። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ሠሪው ከላይ ብዙ ፍጥነት ሰጥቶ ከታች በድንገት ነጥቋቸዋል። ጎበዝ ሠሪ ከመታጠፊያው አስቀድሞ መንገዱን ያጠባል ወይም ሽቅብ ያደርገዋል፤ መውጫውንም ከሩቅ ያሳያል። የመታጠፊያው ውጫዊ ግድግዳ ጎማን የሚሸከም ከሆነ ከፍታው መጀመር ያለበት ከመግቢያው ነው፤ ከመሐሉ ከጀመረ ብስክሌተኛው ሚዛኑን ካጣ በኋላ የሚደርስ እርዳታ ነው።

ሌላው ምስክር የጎን መንገድ ነው። አንድ ድንጋይ ወይም ረግረግ ዙሪያ ሰዎች አዲስ ማለፊያ ረግጠው ካወጡ ብዙ ብስክሌተኞች በጎማቸው ፈርደዋል። በጥሩ መንገድ ላይ ዋናው መስመር ከሁሉ ይልቅ የሚስብ ስለሆነ ማንም ከእሱ መውጣት አያምረውም።

እንጨትና ሐቀኝነት

ኖርዝ ሾርን ያስጠሩት የእንጨት ድልድዮቹ ናቸው። ዲገር በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው ቶድ ፊያንደር ድልድዮቹን በመሥራትም በቪዲዮ ቀርጾ በማሳየትም ስማቸውን አስፋፍቷል። በተለምዶ የሚሠሩት ከወደቀ ቀይ ሴዳር ነው፤ ዛፉ ሽታ ያለውና መበስበስን የሚቋቋም ነው። በመጋዝ ከተሰነጠቀ ይልቅ በእጅ፣ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ የተፈለጠ ሴዳር ውሃን የተሻለ ይቋቋማል፤ ሻካራነቱም ጎማ ይይዛል። ድልድዩን ለመመዘን ጎንበስ ብለው ከሥሩ ይዩ። ተሸካሚዎቹ በድንጋይ ላይ ካረፉ ይቆያሉ፤ በእርጥብ አፈር ላይ ከተኙ ሴዳርም ቢሆን ይበሰብሳል። ብዙዎቹ የቀድሞ ድልድዮች በስብሰው ወይም ለአደጋ አስጊ ሆነው ተነሥተዋል። ከዚያ የተገኘው ትምህርት፣ እንጨት የሚያስፈልገው ምክንያት ሲኖረው፣ ማለትም ረግረግ ሲያሻግር ወይም የዛፍ ሥር ሲጠብቅ ነው የሚል ነው።

ሐቀኝነትም ከሙያው ይቆጠራል። ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው፦ አረንጓዴ ክብ ለቀላሉ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን ለመካከለኛው፣ ጥቁር አልማዝ ለከባዱ። ሐቀኛ ሠሪ ከባዱን መሰናክል ከመግቢያው አጠገብ፣ በግልጽ በሚታይ ቦታ ያስቀምጠዋል፤ አቅሙ ያልደረሰ ሰው መመለስ በሚችልበት ሰዓት ይመለሳል። በሰማያዊ መንገድ መሐል፣ ከዕውር መታጠፊያ ጀርባ፣ የጥቁር መንገድ ዝላይ የደበቀ ሠሪ ሰው ላይ ይፈርዳል። ይህን ጥፋት የሚያካክስ ምንም ውበት የለም።

ጊዜ ይስጡት

አዲስ መንገድ ሁሉ ያምራል። ስለዚህ አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት ሳያልፍበት ፍርድ አይስጡ። ከዚያ በኋላም የጸና መንገድ ካገኙ ከበስተጀርባው ጠባቂ እንዳለ ይወቁ፤ ቅጠል የደፈነውን የውሃ መውጫ በየዓመቱ የሚከፍት ሰው ባይኖር የትኛውም ንድፍ አይዘልቅም። እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመው የኖርዝ ሾር የተራራ ብስክሌት ማኅበር ትልቁ ሥራም ይህ ጥበቃ ነው፤ ድርጅቶችና ክበቦች አንድ መንገድ በኃላፊነት ተቀብለው በገንዘብና በጉልበት እንዲጠብቁት የሚያደርግ ሥርዓት ዘርግቷል።

ይህን ሚዛን ይዞ እንጦጦ የወጣ ሰውም ይጠቀምበታል፤ ቁልቁለትና ውሃ ባሉበት ሁሉ ሕጉ አንድ ነውና። እኔን ምርጡን መንገድ አሳይ ቢሉኝ፣ ወደ አስፈሪው አልወስድዎትም። መካከለኛውም አዋቂውም የሚነዳውን፣ ከብዙ ዝናብ በኋላ ወለሉ እዚያው በተቆረጠበት ከፍታ ላይ ያለውን ሰማያዊ መንገድ እመርጣለሁ። እንዲህ ያለ መንገድ የሠሩ እጆች ከየትኛውም ደፋር ብስክሌተኛ የበለጠ ሊመሰገኑ ይገባል። ምስጋናው ደግሞ በቃል ብቻ መቅረት የለበትም፤ መንገዱ በሚጠገንበት ቀን አካፋ ይዞ ከጎናቸው መቆም ነው።