በሽታውን የደበቀ ቦርድ

አትላስ አካባቢ ባለችው የጥገና ክፍሌ ኮምፒውተር ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ምን ሆነ?» ሳይሆን «በስንት ሰዓት ነው የሚያስቸግርዎት?» የሚል ነው። ሃያ ደቂቃ ሠርቶ የሚጠፋና ጠዋት እምቢ ብሎ ረፋዱ ላይ የሚነሳ ማዘርቦርድ በሽታቸው ለየቅል ነው። አንዱ ሙቀት አይችልም፤ ሌላው ብርድ አይችልም።

ሙቀት የማይችለው ሲመጣ ቦርዱን ለመወንጀል አልቸኩልም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። በዚያ ላይ አቧራ ከደፈነው፣ የፕሮሰሰሩም ቴርማል ፔስት ከደረቀ፣ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ እጠርጋለሁ፣ ፔስት እቀይራለሁ፤ የምለካው ከዚያ በኋላ ነው። ሾርት ከጠረጠርኩ ደግሞ ቦርዱን በአልኮል አርሼ ዝቅተኛ ቮልቴጅ እሰጠዋለሁ። ቀድሞ የሚደርቀው ቦታ ጥፋተኛውን ይጠቁመኛል።

ትዕግሥት የሚፈትነው ብርድ የማይችለው ነው። በአንድ ታኅሣሥ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ዴስክቶፕ አመጣች። «ወንድሜ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሳበራው ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። እያጠፋሁ እያበራሁ ስታገለው ቆይቼ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል» አለችኝ። ከእኔ በፊት ያየው ባለሙያ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለውን ቺፕ በሆት ኤር አሙቆላት ነበር። ያን ቀን ሠራ፤ በማግሥቱ ጠዋት እዚያው ተመለሰ።

እኔ ጋ የደረሰው ከሰዓት ስለነበር ጤነኛ ነው። ክዳኑን ከፍቼ መስኮት ሥር አሳደርኩት። ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ሳበራው እንዳለችው ጨለመ። የፀጉር ማድረቂያ አምጥቼ፣ ነፋሱ አንድ ቦታ ብቻ እንዲያርፍ ካርቶን ቀድጄ ጋረድኩበት። ቺፑን ለብቻው ሳሞቀው ምንም የለም። ከጎኑ የተደረደሩትን ካፓሲተሮች ሳሞቅ ስክሪኑ በራ። ከዚያ በማቀዝቀዣ እስፕሬይ አንድ በአንድ አቀዘቀዝኳቸው፤ ጤዛውን እየጠረግሁ። ሦስቱ ላይ ስደርስ ማሽኑ ወደቀ።

ከላይ ሲያዩአቸው አላበጡም፣ አላፈሰሱም። ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ግን ደርቋል። ሲደርቅ የካፓሲተሩ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ይጨምራል፤ ብርድ ያባብሰዋል፣ ሙቀት ያስታግሰዋል። እያጠፋች ስታበራው የሚነሳው፣ እያንዳንዱ ሙከራ ትንሽ ትንሽ ስለሚያሞቃቸው ነበር። የሆት ኤሩም ፈውስ ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ ቺፑን አሙቃለሁ ሲል ጎረቤቶቹን አሙቋል። በጥገና ሰዎች ዘንድ በሚሠራበት ስሌት፣ የዚህ ዓይነት ካፓሲተር ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። ብርድ ያጋለጠውን በሽታ የወለደው የዓመታት ሙቀት ነበር ማለት ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ሳይመረምሩ ማሞቅ የቦርዱን በሽታ መደበቅ ነው። ኤንቪዲያ በ2008 እ.ኤ.አ. አንዳንድ የላፕቶፕ ቺፖቹ በማሸጊያ ማቴሪያላቸው ድክመት እንደሚበላሹ አስታውቆ፣ ለዚሁ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመድብ ገልጾ ነበር። እንዲህ ያለ ቺፕ በሆት ኤር ሲሞቅ ለጊዜው ይነሳል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው ግን እንደተሰነጠቀ ነው፣ ደንበኛውም ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ስለዚህ ሙቀትንም ብርድንም ለመጠየቂያ እጠቀምባቸዋለሁ፤ በመድኃኒትነት ግን አልሸጣቸውም።

ሦስቱን እስከ 105 ዲግሪ በሚችሉ ካፓሲተሮች ቀየርኩ። ማሽኑ ያኔውኑ ተነሳ፤ ከሰዓት ስለነበር ግን አላመንኩትም። ሦስት ሌሊት መስኮቱ ሥር አሳደርኩት። ሦስቱንም ማለዳ በመጀመሪያው ንክኪ ሲነሳ፣ ያን ጊዜ ስልክ ደወልኩላት።