«ነጩ ነብር» እና ያላመለጡት

ህንድ ለአገራችን መምህር ባዕድ አይደለችም። ዛሬ በዕድሜ የገፉት ብዙዎቹ ባልደረቦቻችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ ሒሳብና ሳይንስ የተማሩት ከህንድ መምህራን ነው። ያቺው አገር እ.ኤ.አ. በ1991 ገበያዋን ለውጭ ካፒታል በሰፊው ከከፈተች ወዲህ ማን በለጸገ? ማንስ ወደ ኋላ ቀረ? ይህን ጥያቄ ከሚያነሡት ልብ ወለዶች አንዱ የአራቪንድ አዲጋ «ነጩ ነብር» ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2008 በእንግሊዝኛ ታትሞ በዚያው ዓመት የቡከርን ሽልማት አግኝቷል፤ በ2021ም በፊልም ቀርቧል።

ባለታሪኩ ባልራም ሀልዋይ የሪክሾ ጎታች ልጅ ነው። ከመንደሩ ወጥቶ በዴልሂ የአንድ ሀብታም ሾፌር ይሆናል። በመጨረሻም ጌታውን ገድሎ ለጉቦ የተዘጋጀውን ገንዘብ በመዝረፍ ወደ ባንጋሎር ይሸሻል፤ እዚያም የመኪና ድርጅት ያቋቁማል። ታሪኩንም ለቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር በሚጽፈው ደብዳቤ ይተርካል።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ብርታት የዓለምን ገበያ በንድፈ ሐሳብ ሳይሆን በኑሮ ማሳየቱ ነው። በባንጋሎር የስልክ አገልግሎት ቢሮዎች የሚሠሩት ወጣቶች የአሜሪካን ደንበኞች ያስተናግዳሉ። በአሜሪካ ቀን ሲሆን በህንድ ሌሊት ነውና፣ ሠራተኞቹ በውድቅት የሚያመላልሳቸው መኪና ያስፈልጋቸዋል። የባልራም ሀብት የሚመነጨው ከዚሁ የሰዓት ልዩነት ነው። ያን መንገድ ለመያዝ ግን አስቀድሞ ለፖሊስ ጉቦ መክፈል ነበረበት።

ሁለተኛው ብርታት እኛን መምህራንን በቀጥታ ይነካናል። ባልራም በቤቱ «ልጁ» ከመባል በቀር ስም አልነበረውም፤ ስም ያወጣለት መምህሩ ነው። ይኸው መምህር ግን መንግሥት ለተማሪዎች ምሳ የሚልከውን ገንዘብ ይበላል። የደንብ ልብሱም ለልጆቹ ሳይደርስ በጎረቤት መንደር ሲሸጥ ይታያል። የመንደሩ ሰው አይወቅሰውም፤ ራሱ መምህሩ ደመወዝ ካገኘ ስድስት ወር አልፎታልና። ደራሲው እዚህ ላይ ሌባውን ብቻ አያሳየንም፤ ሌባውን ያፈራውንም ሥርዓት ያሳየናል። ከዕለታት አንድ ቀን ተቆጣጣሪ መጥቶ ልጁን ካስነበበው በኋላ በአንድ ትውልድ አንዴ ብቻ በሚገኘው አውሬ፣ በነጭ ነብር ይመስለዋል፤ ወደ ተሻለ ትምህርት ቤት እንደሚልከውም ተስፋ ይሰጠዋል። ነገር ግን ቤተሰቡ ለሠርግ በተበደረው ዕዳ ምክንያት ልጁ ከትምህርቱ ተነቅሎ በሻይ ቤት ይቀጠራል።

የመጽሐፉ ድካም የሚጀምረው፣ በእኛ አስተያየት፣ ከመፍትሔው ላይ ነው። ባልራም ድሆችን በቅርጫት ከታጎሩ ዶሮዎች ጋር ያመሳስላቸዋል፤ ጓደኞቻቸው ፊታቸው ሲታረዱ እያዩ አያመልጡም ይላል። እርሱ ሲያመልጥ ግን ዘመዶቹ በበቀል እንደሚጨፈጨፉ እያወቀ ነው። ደራሲው በባለታሪኩ ይሣለቃል እንጂ አያመሰግነውም የሚሉ ይኖራሉ፤ እውነትም አላቸው። ቢሆንም ሌላው ድሀ ሁሉ በመጽሐፉ ውስጥ አፍ የለውም። በምርጫ ቀን ድምፄን እሰጣለሁ ብሎ ወደ ትምህርት ቤቱ የሄደ አንድ ሪክሾ ጎታች ተደብድቦ ይሞታል። የዚህ ሰው ድፍረት ከባልራም የተሰበረ ጠርሙስ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ነበር፤ ታሪኩ ግን ባጭሩ ያልፈዋል።

የህንድ ድሆች በእውነቱ ዓለም ዝም ብለው የተቀመጡ ዶሮዎች አልነበሩም። በትምህርት ቤት የሚሰጠውን ምሳ እንውሰድ። መርሐ ግብሩ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ በብዙ ክፍላተ ሀገር የሚታደለው ጥሬ እህል ነበር። በ2001 የመብት ተሟጋቾች የመንግሥት ጎተራ ሞልቶ ሳለ ሕዝብ ይራባል ሲሉ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት አሉ፤ ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት የበሰለ ምግብ እንዲሰጥ አዘዘ። በ2009ም ከ6 እስከ 14 ዓመት ላሉት ልጆች ነፃና የግዴታ ትምህርት መብት መሆኑ በሕግ ተደነገገ። ሕግ ብቻውን ሌብነትን አያጠፋም፤ ዳሩ ግን ሳህን የሚደርሰው ለነጩ ነብር ብቻ ሳይሆን ከአጠገቡ ለተቀመጠውም ልጅ ነው።

በመጽሐፉ መጨረሻ ባልራም ለድሀ ልጆች ትምህርት ቤት ለመክፈትና በነጭ ነብሮች ለመሙላት ያልማል። በትውልድ አንዴ የሚገኝ አውሬ ክፍል አይሞላም። ይህም የመጽሐፉ ጥልቅ ምፀት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጽሐፉ ይነበብ እንላለን፤ ተማሪዎቻችንም ባልራም እንዴት አመለጠ ብለው ብቻ ሳይሆን፣ ከእርሱ ጋር በዚያ ክፍል የተቀመጡት ልጆች የት ደረሱ ብለው ይጠይቁ። የእኛም ሥራ፣ ጎበዙን መርጦ ማመስገን ብቻ ሳይሆን፣ የቀሩትን መቁጠር ነው።