ሁሉን ይዞ ጥቂቱን ማሳየት

የአምስት ደንበኞችን ሒሳብ የሚሠራ ሰው የሚደክመው ሥራው ስለበዛ ብቻ አይደለም። ዛሬ ሊነካው የማይችለው ጉዳይ ሁሉ ዛሬ ከሚሠራው ጋር ተደባልቆ ዓይኑ ላይ ይቆማል። የአንዱ ደንበኛ የባንክ መግለጫ አልመጣም፤ የሌላው ሰነድ ፊርማ ይጠብቃል፤ የሦስተኛው ጉዳይ ጊዜው ገና ነው። ብዙ የሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች ይህን ሁሉ በአንድ ሰልፍ ደርድረው፣ ቀለም ቀብተው ያቀርቡታል። ጎበዝ ጸሐፊ ግን የመሥሪያ ቤቱን ፋይል ሁሉ እያወቀች አለቃዋ ጠረጴዛ ላይ የምታኖረው የዛሬውን ብቻ ነው። ኦምኒፎከስ የተባለው የሥራ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም የተሠራው በዚህ ጠባይ ነው፤ የምወደውም ለዚህ ነው።

ፕሮግራሙን የሚሠራው ሲያትል የሚገኘው ኦምኒ ግሩፕ ሲሆን መነሻው የአንድ ተጠቃሚ ፈጠራ ነበር። ዴቪድ አለን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው «ጌቲንግ ቲንግስ ደን» መጽሐፉ፣ ሥራን ሁሉ ከጭንቅላት አውጥቶ መመዝገብንና ለእያንዳንዱ ጉዳይ ቀጣዩን ተጨባጭ እርምጃ መለየትን አስተማረ። ኢታን ስኩኖቨር ይህን ዘዴ ኦምኒአውትላይነር በተባለው የኩባንያው ፕሮግራም ላይ በስክሪፕት ገጣጠመና «ኪንክለስ ጂቲዲ» አለው። ኩባንያው በዚያው መንገድ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2008 ኦምኒፎከስን አወጣ።

የሠሪዎቹ ጥንቃቄ መጀመሪያ የሚታየው በቅደም ተከተል አያያዙ ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ፎልደር ይከፈታል፤ በፎልደሩ ውስጥ ፕሮጀክቶቹ ይቀመጣሉ። ፕሮጀክቱ ተከታታይ ነው ከተባለ፣ ለመሥራት ክፍት የሚሆነው የመጀመሪያው ተግባር ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ዓመታዊ ሒሳብ መዝጋትን እንውሰድ። ሰነድ ይሰበሰባል፣ ሒሳቡ ይታረቃል፣ ለባለቤቱ ይታያል፣ ከዚያ ለግብር ሰብሳቢው ይቀርባል። ሰነድ መሰብሰቡ ግን ራሱ ሦስት ሥራ ነው፤ የባንክ መግለጫ፣ ደረሰኝ፣ ፔሮል። እነዚህ ደግሞ የትኛውም ቢቀድም ግድ የላቸውም። ኦምኒፎከስ በተከታታዩ ፕሮጀክት ሆድ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ ተግባራትን በቡድን ማስቀመጥ ያስችላል። ሦስቱም አብረው ይታያሉ፤ የመጨረሻው ሲያልቅ ቡድኑ በራሱ እንዲዘጋ ማድረግም ይቻላል። ያኔ የማስታረቁ ተራ ይደርሳል። ሥራው በእውነት የሚሄድበትን መልክ ያልተመለከተ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም።

ቀን ላይም ያው ጥንቃቄ አለ። አንድ ተግባር ሁለት ቀን ሊሰጠው ይችላል፤ ለሥራ ክፍት የሚሆንበትና የሚያበቃበት። በአገራችን የሒሳብ ዓመቱን ሰኔ 30 የሚዘጋ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ዓመታዊ ግብሩን የሚያሳውቀው ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ነው። ጉዳዩ ሚያዝያ ላይ ቢመዘገብም፣ መነሻ ቀኑ ሐምሌ 1 ከተባለ እስከዚያ ከዕለቱ ሥራ ጋር አይደባለቅም። ማብቂያውን ብቻ የሚያውቅ ዝርዝር ግን ወራት ሙሉ ያፈጥብናል፤ እኛም እንለምደዋለን፤ ጥቅምት ሲጋመስ የማስደንገጥ ጉልበቱ አልቆ ይገኛል።

ደንበኛ ሲደውል ደግሞ «ፎከስ» የሚለው ትእዛዝ አለ። የደንበኛው ፎልደር ተመርጦ ይህ ሲታዘዝ የሌሎቹ ሁሉ ከማያው ላይ ይነሳሉ። ሐሳብ ከመሰብሰቡ በላይ፣ አጠገብ የተቀመጠ ደንበኛ የሌላውን ስምና ጉዳይ እንዳያይ ይጠብቃል። በተቃራኒው፣ ደንበኞችን ሁሉ የሚያቋርጥ እይታ ሲያስፈልግ ታግ፣ ማለትም በተግባሩ ላይ የሚለጠፍ መለያ፣ ይመጣል። «ባንክ» የሚል ታግ የአምስቱንም ደንበኞች የባንክ ጉዳይ ባንድ ዝርዝር ያወጣዋል፤ አንድ ጊዜ ተወጥቶ ሁሉም ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ሦስተኛው እትም በፊት አንድ ተግባር የሚመደበው በአንድ ዘርፍ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ታግ መያዝ ይችላል።

ይህ ሁሉ መደበቅ አደገኛ ነው። የተደበቀ ሥራ የተረሳ ሥራ ሊሆን ይችላል። ሠሪዎቹን ከሁሉ በላይ የማደንቃቸው ለዚህ ስጋት ባበጁት «ሪቪው» በተባለው ክፍል ነው። እያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱ የጉብኝት ቀጠሮ አለው። ሩጫ ላይ ያለው በየሳምንቱ፣ ረጋ ያለው በየወሩ ሊሆን ይችላል። ቀጠሮው ሲደርስ ፕሮጀክቱ ይቀርባል፤ አይተን «ታይቷል» ስንለው ወደሚቀጥለው ቀጠሮ ይሻገራል። ደንበኛው «ቆይ፣ ገንዘብ ላግኝ» ብሎ ያቆመው ፕሮጀክት እንኳ ከዕለቱ ዝርዝር ቢወጣም ከጉብኝቱ አይቀርም። ፕሮግራሙ የሚደብቀውን ያለ ሥጋት የምንተውለት ቀኑን ጠብቆ ስለሚመልሰው ነው። ይህ ክፍል ባይኖር ያ ሁሉ ብልሃት የመርሻ መሣሪያ በሆነ ነበር።

ፕሮግራሙ በዋናነት ለአፕል መሣሪያዎች የተሠራ ነውና ሁሉም እጅ አይገባም። ሥርዓቱ ግን በደብተርም ይያዛል፤ ለየፕሮጀክቱ ቀጣዩን አንድ እርምጃ መጻፍ፣ ቀኑ ያልደረሰውን በሌላ ገጽ ማኖር፣ ሁሉንም በየሳምንቱ መጎብኘት። ከሦስቱ አንዱን ብቻ መያዝ ለሚችል ሰው የመጨረሻውን እመርጥለታለሁ፤ የማይጎበኝ ዝርዝር ምንም ቢያምር አይታመንም።