ጂሲሲ ያሳለፈውን ክላንግ ሲጥለው

ሊኑክስ ላይ ሲ የሚማሩ ተማሪዎቻችን አንድ ልማድ አላቸው። ፕሮግራሙ በጂሲሲ ካለፈ «ልክ ነው» ብለው ይዘጉታል። ይሄ በእኛ አስተያየት ፈተናን ሁልጊዜ በአንድ አራሚ ብቻ እንደማሳረም ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ክላንግ የተባለውን ሌላ ኮምፓይለር እንገመግማለን።

ከክፍል የምናውቀውን እንውሰድ። ተማሪው ሜይን የሚባለውን ፋንክሽን ሳይዘጋ ውስጡ ሌላ ፋንክሽን ይጽፋል። ጂሲሲ ዝም ብሎ ይቀበለዋል። የሲ ደንብ ግን ይህን አይፈቅድም፤ ጂሲሲ ከራሱ የጨመረው ነው። ክላንግ «እዚህ ቦታ ፋንክሽን አይጻፍም» ብሎ ቦታውን በምልክት ያሳያል። «ጂሲሲ ላይ ይሠራል እኮ!» ይላል ልጁ። አዎ ይሠራል፤ የተማረው ግን ሲን ሳይሆን የጂሲሲን ዘዬ ነው። (ለፍትሕ ያህል፣ ፔዳንቲክ የሚለው አማራጭ ሲጨመርበት ጂሲሲም ያስጠነቅቃል። ማን ይጨምረዋል እንጂ!)

ይህ የጀማሪ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሊኑክስ ከርነል ራሱ ለብዙ ዓመታት እንዳለ በክላንግ አይገነባም ነበር፤ የጂሲሲን የግል ጭማሪዎች ይጠቀም ነበርና። ክላንግ ከእነዚህ አንዳንዶቹን አልቀበልም ስላለ የከርነሉ ኮድ መታረም ነበረበት። ፍሪቢኤስዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው 10ኛ እትሙ ለተለመዱት ፒሲዎች ክላንግን ዋና ኮምፓይለር አደረገ። እዚያ ምክንያቱ በአብዛኛው የፈቃድ ጉዳይ ነበር፤ ጂሲሲ በ2007 የተዛወረበትን የጂፒኤል ሦስተኛ እትም አልፈለጉትም።

የስህተት መልእክቶቹ ግልጽነት የክላንግ ትልቁ ጥቅም ነው ሲባል እንሰማለን። ድሮ እውነት ነበር። ጂሲሲም ከ4.8 እትሙ (2013) ጀምሮ ስህተቱ ያለበትን መስመር እያወጣ በምልክት ያሳያል፤ ስለዚህ ዛሬ ልዩነቱ ጠቧል። «ከጂሲሲ ተገላገልን» የሚሉትም ያጋንናሉ። ሊኑክስ ላይ ክላንግ ሲጫን እንደ ነባሪ አሠራሩ የጂሲሲን ላይብረሪዎች ይዋሳል።

ለእኛ ዋናው ጣጣ ክብደቱ ነው። ክላንግ ከነጓዙ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይይዛል፤ በፍላሽ ካልመጣ በዚህ ኔትዎርክ አይታሰብም። ፋብሪስ ቤላር የጀመረው ታይኒ ሲ ኮምፓይለር (ቲሲሲ) ግን ጥቂት መቶ ኪሎባይት ብቻ ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይም ይፈጥናል። ፋንክሽን ውስጥ ፋንክሽንንም አይቀበልም። ማስጠንቀቂያው ግን ስስ ነው፣ ሲ ፕላስ ፕላስንም አያውቅም።

መልመጃ ለምታዘጋጁ መምህራን አንድ ነገር፦ ሜክፋይል ውስጥ ጂሲሲ ብላችሁ በእጅ አትጻፉ፣ ሲሲ በሚባለው ተለዋዋጭ ተኩት። ያኔ ተማሪው ሜክን ሲጠራ ሲሲ እኩል ይሆናል ክላንግ፣ ወይም ቲሲሲ፣ ብሎ ያንኑ ሥራ በሁለተኛ አራሚ ማየት ይችላል።